ፍቅር በሦስት ቅጂ

ሰው የልቡን ምስጢር በሦስት ቅጂ አባዝቶ፣ በየገጹ ማኅተም አስመትቶ፣ ለተከራካሪው ወገን ከመጥሪያ ጋር ላከ ቢባል ማን ያምናል? ካቻቢቴ ግን አደረገችው። ያውም በገዛ እጇ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ተሰልፋና ተራዋን ጠብቃ።

ካቻቢቴ የሸሚዝ ፋብሪካው የጥገና ሠራተኛ ናት። ስሙን ያወጡላት ሰፊዎቹ ናቸው፤ ከሰማያዊ ቱታዋ የደረት ኪስ ካቻቢቴ ጠፍቶ አያውቅማ! የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ሰምታ የቱ ጋ እንዳመመው ትናገራለች። «የዚህ ቺንጋው ላልቷል፤ የዚያኛው መርፌው ጎብጧል፤ ይቺ ደግሞ ምንም አልሆነች፣ ዘይት ነው የጠማት» ትላለች፣ ተሳስታም አታውቅም። ስድስት ዓመት እንዲህ ስትሠራ ከቆየች በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጣና ቦታው ለውድድር ቀረበ። ሰባት ሰው ተፈተነ። አንደኛ የወጣችው እሷ እንደሆነች ፈታኙ ራሱ ሹክ አላት፤ ወንበሩ ግን ሦስተኛ ለወጡት ለጋሽ ይደርሳል ተሰጠ።

ጋሽ ይደርሳል ክፋት የማያውቁ ሰው ናቸው። መኪና ቆመ ሲሏቸው «ይደርሳል» ይላሉ፤ ከዚያ በዝግታ ተነሥተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ካቻቢቴን ይጠሯታል።

ለእሷ የደረሳት ሦስት መስመር ደብዳቤ ነው። «ቦታው ወንድ ሠራተኞችን ማዘዝ የሚጠይቅ በመሆኑ ለሴት ተስማሚ ሆኖ አልተገኘም» ይላል። አንጀቷን ያሳረረው ግን ሦስቱ መስመር አይደለም፤ ከሥሩ ያረፈው ፊርማ ነው። ፊርማው የሎጋው ነበር።

ሎጋው የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነው። የፋብሪካው ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት፣ አክስቱ ናቸው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ ያሰኘዋል። ዓይን አፋር ነው። ዓይን አፋርነቱ ግን ወረቀት ላይ አይሠራም። ካቻቢቴን ከወደዳት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ቀን በአፉ ተናግሮ አያውቅም። የሚናገረው በጥገና መጠየቂያ ቅጽ ነው።

«የተበላሸው ዕቃ፦ የግድግዳ ሰዓት። የብልሽቱ ዓይነት፦ የጥገና ክፍል ሠራተኞች ለምሳ እስኪወጡ ድረስ አይንቀሳቀስም።»

ካቻቢቴ መሰላሏን ተሸክማ ትወጣና ሰዓቱን ታየዋለች። ሰዓቱ ይሠራል። ከቅጹ ግርጌ «የተወሰደ እርምጃ» በሚለው መስመር ላይ፣ «ታይቷል። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ተጠቃሚው ነው» ብላ ጽፋ ትወርዳለች። በነጋታው ደግሞ ወንበሩ ይበላሻል። በሳልስቱ መጋረጃው። የፋብሪካው ሰው ሁሉ የአስተዳደር ቢሮ ዕቃ ለምን እንዲህ ብልሽት እንደሚደጋግመው ያውቃል፤ የማያውቁት እትዬ ብቻ ናቸው። እናቷ ልብስ ተኳሽ የሆነች ሠራተኛና የፋብሪካ ወራሽ በቅጽ እየተጻጻፉ መሆኑን ለእሳቸው የሚነግር ጀግና አልተወለደም።

የእሷም ተራ ደረሰ። አንድ ዓርብ ቀን፣ ደግማ ሳታስብ፣ የራሷን ቅጽ ሞላች።

«የተበላሸው ዕቃ፦ የጠያቂዋ ልብ። የብልሽቱ ዓይነት፦ ሎጋው በኮሪደሩ ሲያልፍ ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ይመታል። ብልሽቱ የጀመረበት ጊዜ፦ በትክክል አይታወቅም፤ ሰዓቱን ልጠግን የወጣሁ ቀን ሳይሆን አይቀርም። ጥገናው ምን ያህል ያስቸኩላል፦ በጣም።»

«የተወሰደ እርምጃ» የሚለውን መስመር ባዶ ተወችው፤ የእሱ ድርሻ ነዋ! ሰኞ ልትሰጠው አስባ ከሥራ ወረቀቶቿ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ሰኞ ጠዋት ግን የደረሳት ያ ሦስት መስመር ደብዳቤ ሆነ። ቅጹ እንደተቀመጠ ቀረ፤ እሷም አንድ ሳምንት ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ ሰነበተች።

* * *

«ተይ ልጄ» አለቻት እናቷ የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች። «ከአሠሪ ጋር ክስ ምን ያደርግልሻል? ነገ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ።»

«አሁንም እየተያየን ነው እማ። ችግሬ እሱ ሆኖ ነው እንጂ።»

«ማን?»

«ማንም» አለችና ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

አቤቱታውን ራሷ ጻፈችው። አመልካች እሷ፣ ተጠሪ ፋብሪካው። «በጾታዬ ምክንያት ብቻ ከሚገባኝ ዕድገት ስለተከለከልኩ» ብላ ጀመረች፤ ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀባት፣ የቀረው ግን እንደ ውኃ ወረደላት። ለማስረጃ በእጇ የጠገነቻቸውን መኪኖች ቅጽ ከመሳቢያዋ በሙሉ ዘረገፈች። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ገጽ ሆነ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ በሦስት አባዛችና የሥራ ክርክር ሰሚ ጉባኤው መዝገብ ቤት ተሰለፈች። መዝገብ ያዧ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናቸው፤ ገጽ ይቆጥራሉ፣ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ማኅተም ይመታሉ፣ አያነቡም። ካቻቢቴ የማኅተሙን ድምፅ በሰማች ቁጥር ቁመቷ የሚጨምር መሰላት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደስ ብሏት፣ የቀራትን ዋና ቅጂ ለእናቷ ታነብላት ጀመር። «አባሪ ሁለት መቶ ዐሥር፦ የአንገትጌ መስፊያ፣ ጥርሱ ተሰብሮ ተለወጠ። አባሪ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ፦ የቁልፍ መስፊያ፣ ጸድቶ ተመለሰ። አባሪ ሁለት መቶ ዐሥራ...»

ዝም አለች።

«ቀጥይ እንጂ!» አለች እናቷ። «ደግሞ ይሄኛው ምን ሆኖ ነበር?»

«ይሄኛው እማ...» ፊቷ ከካውያው የባሰ ጋለ። «ይሄኛው አልተጠገነም።»

ሰኞ መዝገብ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆማ ነበር። መዝገብ ያዧ ፋይሉን አወጡ፣ ገጹን ገለጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ዘመናቸው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ካቻቢቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ተቀምጬ» አሉ «የማስረጃ ዓይነት አየሁ ብዬ ነበር።»

«እባክዎ እናቴ፣ ያውጡልኝ።»

«ማኅተም ያረፈበት ገጽ ከመዝገብ አይወጣም እህቴ። ካስፈለገ በችሎቱ ቀን ትጠይቂያለሽ፤ ሌላው ወገን ካልተቃወመ ሰብሳቢው ይፈቅዱልሻል።»

«ለሌላው ወገንስ ደርሶታል?»

ሴትየዋ መዝገባቸውን አገላበጡ። «ሐሙስ ዕለት። የፋብሪካው ወኪል ራሱ ፈርሞ ተቀብሏል። ምን ያለ ቆንጆ ፊርማ ነው!»

ካቻቢቴ ፊርማውን ማየት አላስፈለጋትም። ልትከሰው የሄደችበትን ሰው፣ በዚያው ወረቀት፣ በሕግ ፊት፣ እወድሃለሁ ብላዋለች። ሐፍረቷ ሊያስለቅሳት ይታገላል፤ ከሐፍረቷ ሥር ግን አንድ እብድ ደስታ «አንብቦታል፣ አንብቦታል» እያለ ይዘላል።

* * *

ችሎቱ ሦስት ቀን ሲቀረው እትዬ አስጠሯት።

ቢሮው ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ላይ ፋብሪካው የሰፋው የመጀመሪያ ሸሚዝ በመስተዋት ተሰቅሏል። በእትዬ ጠረጴዛ ላይ የአቤቱታው ቅጂ ተዘርግቷል። የተዘረጋው የቱ ገጽ ላይ እንደሆነ ካቻቢቴ ከበሩ አየችና ወደ መጣችበት ለመመለስ ከጀላት።

«ተቀመጪ። ቁመሽ ስትንቀጠቀጪ ዕቃ እንዳትሰብሪብኝ።»

ተቀመጠች።

«እኔ ሴት ሆኜ ነው የምነግርሽ» አሉ እትዬ። «ይሄን ቤት ስጀምር ወንዶቹ ትእዛዜን ሰምተው ወደ ባሌ ዞረው ያዩ ነበር፤ እሱ ራሱን ሲነቀንቅ ነው የሚነሡት። ባሌ ሲሞት ደግሞ ወደ ሹፌሬ አዩ! ዐሥር ዓመት ነው የፈጀብኝ። አንቺን ከዚያ ላድንሽ ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ ማዳንዎን አልጠየቅኩም። ወንበሩን ነው የጠየቅኩት።»

እትዬ ሊቆጡ ብለው ተዉት። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት። «እንግዲያው ስለዚኛው እናውራ። የወንድሜ ልጅ እህል አልወርድ ብሎታል። ይኸው አራት ቀኑ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ይመጣል፤ የሸሚዝ ፋብሪካ ወራሽ! እኔ ላንቺ ብዬ ሳይሆን ለእሱ ብዬ እሺ እላለሁ። አቤቱታውን አንሺ። ሠርጋችሁን እኔው ራሴ እደግሳለሁ፣ እናትሽንም ከካውያ አሳርፋታለሁ። ከዚህ በኋላ የጥገና ክፍል ምን ያደርግልሻል?»

ካቻቢቴ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። እውነቱን ለመናገር ልቧ እሺ ብሎ ነበር። የእናቷን ያበጡ እግሮች አሰበች፤ ሎጋውን ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ አሰበችው፣ ሳቋም መጣ። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ቀላል ሆኖ ታያት፦ አንድ ፊርማ፣ ከዚያ ደስታ። ግን ደግሞ ያ ደስታ በየጠዋቱ በጥገና ክፍሉ በር ላይ እያለፈ፣ ስድስት ዓመት የለፋችለትን ወንበር ሌላ ሰው ይዞት እያየ ይኖራል።

«እትዬ» አለች ወረቀቱን መልሳ እየገፋች፣ «እሱን የምወደው ያለ ምንም ጥቅም ነው። ወንበሩን የምፈልገው ደግሞ ስለሚገባኝ ነው። ሁለቱን አንድ መዝገብ ላይ ያስገባሁት በስሕተት ነው፤ እርስዎ አውቀው አያስገቧቸው።»

ኮሪደሩ ላይ ሎጋው ቆሟል። ሸሚዙን አስተካክሎ ለብሷል፤ ፊቱ ግን ሰው የጠፋበት ይመስላል።

«አክስቴ ምን እንዳለችሽ አውቃለሁ» አለ። «ምን መለስሽላት?»

ያውቃል! ታዲያ ሐሳቡ የእሱ ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን የፈረመው ሰው አሁን ደግሞ ልቧን ይዞ ሊደራደር አክስቱን ልኮባታል።

«ምን እንደመለስኩ ችሎት ላይ ትሰማለህ» አለችው። «ደግሞ ያቺን ገጽ ሳቅባት፣ ከዚያ ስትጠየቅ አልቃወምም በል። ካንተ የምፈልገው ይሄን ብቻ ነው።»

«ስሚኝ እንጂ፣ እኔ...»

«ሎጋው!» የሚል የእትዬ ድምፅ ከቢሮው ወጣ። እሱ ወደ ድምፁ ዞረ፤ እሷ ወደ ደረጃው ሮጠች። ያን ቀን የጠገነቻቸው መኪኖች ሁሉ ክር ሲበጥሱ ዋሉ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲሆንባት የመጀመሪያዋ ነበር።

* * *

የጉባኤው አዳራሽ ከትምህርት ክፍል ብዙም አይበልጥም። ሦስት ዳኞች ከፊት፤ መካከለኛው ሰብሳቢ ሽበታም፣ ነገር ሲያስቡ በእስክሪብቶ ጠረጴዛ የሚመቱ። በግራ ካቻቢቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቱታ። በቀኝ እትዬና ወኪላቸው ሎጋው። ከኋላ ምስክሩ ጋሽ ይደርሳልና ፈቃድ አግኝተው የመጡ ዐሥር የሚሆኑ ሰፊዎች። እናቷ «ልቤ አይችልም» ብላ ከግቢው በር ውጪ ቀርታለች።

«ከመጀመራችን በፊት» አለች ካቻቢቴ ብድግ ብላ፣ «አንድ ገጽ በስሕተት ተያይዟል። አባሪ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት። እንዲወጣልኝ እጠይቃለሁ።»

ሰብሳቢው ገጹን ገለጡ። አነበቡት። በቀኝ ላሉት ዳኛ አሳዩ፣ እሳቸውም ለግራው አሳለፉ። ሦስቱም ሳል ያዛቸው።

«ተጠሪ ወገን፣ ገጹ ቢወጣ ተቃውሞ አለዎት?»

ሎጋው ተነሣ። ካቻቢቴ ጫማዋን ታያለች፤ አንዲት ቃል ናት የምትጠብቀው።

«እቃወማለሁ» አለ።

ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሊያዋርደኝ ነው፣ በሰው ሁሉ ፊት ሊያስቅብኝ ነው አለች በልቧ። ሰፊዎቹ አጉረመረሙ፤ እትዬ እንኳ ደንግጠው ወደ እሱ ዞሩ።

«የሚቃወሙበት ምክንያት?»

«ምክንያቱም ቅጹ ጥያቄ ነው ክቡር ሰብሳቢ። የጥገና ጥያቄ ሲቀርብ መልስ ሳይሰጥበት ከመዝገብ አይወጣም፤ የፋብሪካችን መመሪያ ነው፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።» ከፊቱ ካለው ፋይል አንድ ወረቀት መዘዘ። «በደረሰኝ ቅጂ ላይ መልስ ሰጥቼበታለሁ። እንዲያያዝልኝ እጠይቃለሁ።»

ወረቀቱ ወደ ፊት ሄደ። ሰብሳቢው አዩት፣ እስክሪብቷቸው በአየር ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ይነበብ ትላለህ?»

«ይነበብ።»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተወሰደ እርምጃ፦ ታይቷል። ብልሽቱ ተላላፊ ነው፤ ከጠያቂዋ በፊት የጀመረው እኔ ጋ ነው። ጥገና የማይቀበል በመሆኑ፣ በሁለቱም ወገን እስከ ሕይወት ፍጻሜ እንዲቀጥል ሐሳብ ቀርቧል።»

ዐሥሩ ሰፊዎች በአንድ ጊዜ እልል ሊሉ ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ካቻቢቴ መቀመጧንም አላወቀች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ በጣቶቿ መሃል ግን አየችው፤ እሱም ያያታል፣ እንደዚያን ቀን ኮሪደር ላይ ሳይሆን፣ ሳያፍር ፊት ለፊት።

«ይሄን የፍቅር ጉዳይ ጉባኤያችን የማየት ሥልጣን የለውም» አሉ ሰብሳቢው በጭንቅ ፊታቸውን ሰብስበው። «ወደ ሥራው ጉዳይ እንመለስ። ፋብሪካው የፈተናውን የውጤት ሰንጠረዥ እንዲያቀርብ ታዝዞ ነበር።»

«ጠፍቷል» አሉ እትዬ ፈጠን ብለው። «ቢሮ ስንቀይር።»

ሎጋው አክስቱን አያት። በዚያች አስተያየት ውስጥ ያሳደጉት ዓመታት ሁሉ ነበሩ። «አልጠፋም አክስቴ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ጋ ነው።» ከቦርሳው ሁለት ወረቀት አወጣ። አንደኛው ሰንጠረዡ ነው፤ ከላይ የካቻቢቴ ስም፣ ዘጠና አራት። ሁለተኛው ደግሞ፣ ያን ሦስት መስመር ደብዳቤ በፈረመበት ቀን ጽፎ የፋብሪካው መዝገብ ውስጥ ያስገባው የልዩነት ሐሳብ ነው፤ «በጾታ ምክንያት ብቻ የተላለፈ ውሳኔ በመሆኑ አልስማማም» ይላል፣ ቀንና ቁጥር አለው።

«እርስዎ የማን ወኪል ነዎት?» አሉ የቀኙ ዳኛ ግራ ገብቷቸው።

«የፋብሪካው።»

«ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ አይደለም!» አሉ እትዬ። አዳራሹ ሳቀ፤ እትዬ ግን አልሳቁም። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ወረቀቱ ይቅር። እኔ የምለው ወንዶቹ አይታዘዙላትም ነው። ምስክሬን ይጠይቁ፤ አሁን ያለው ኃላፊ እሱ ነው።»

ጋሽ ይደርሳል በዝግታ ተነሡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ወንዶቹ ይታዘዙላታል?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጌታዬ፣ እኔ ራሴ ኃላፊ ከሆንኩ ጀምሮ የምታዘዛት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይደርሳል። «እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ ወንድ ስለሆንኩ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። ሥራዬ ይሄ ነው። ስብሰባው ጨረሰኝ። ልመና ከተፈቀደልኝ፣ ወንበሩን ውሰዱልኝና መፍቻዬን መልሱልኝ።»

ከዚህ በኋላ ብዙም የሚነገር አልነበረም። ዳኞቹ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ሁሉም ቆሙ። ሰብሳቢው አነበቡ፦ አመልካች የተከለከለችው በጾታዋ ምክንያት ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ ውሳኔው ተሽሯል፤ በውጤቷ መሠረት ቦታው ላይ ትመደብ። ካቻቢቴ እያንዳንዱን ቃል በልቧ ደገመችው። ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲደግምላት የከረመው ድምፅዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ሆነ።

* * *

ደረጃው ላይ እትዬ ቀድመው ወርደው ይጠብቃሉ። ካቻቢቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ስምንተኛው ረድፍ ላይ ያለው መኪና ክር እየበጠሰ ነው» አሉ። «ነገ ኃላፊ ነሽ፤ ከሁሉ ቀድመሽ ግቢ። ወንዶቹ ዞረው ወደ ሌላ ሰው ካዩ ደግሞ ንገሪኝ። እኔ እንዴት ዓይን እንደሚመለስ አሳይሻለሁ።» ከዚያ ወደ ሎጋው ዞሩ፤ ረጅም ነውና ጎንበስ እስኪል ጠበቁት፣ የሸሚዙን አንገትጌ አስተካከሉለት። «አንተ ከሥራ ተባረሃል። ለምሳ ግን እንዳትቀር።» መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ። ዓይናቸው ረጥቦ እንደሆነ ግን ሁለቱም አይተዋል።

ብቻቸውን ቀሩ። ሁለት ሰው ዓመት ሙሉ በወረቀት ሲያወራ ቆይቶ አፍ ሲሰጠው ምን ይላል?

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች በመጨረሻ። «የልዩነት ሐሳብህን።»

«ልነግርሽ መጥቼ ነበር። የጥገና ክፍሉ በር ላይ ‹ፈራሚ አይገባም› የሚል ወረቀት ለጥፈሽ አገኘሁ።»

«ማንበብ ስለምትወድ ነው የለጠፍኩት» አለች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠች። «ለምን ፈረምክ ግን?»

«ጥፋቴ ነው» አለ ሳይሸሽ። «ያሳደገችኝ ናት፣ እምቢ ማለት አቃተኝ። ተቃውሞዬን ጽፌ ካስቀመጥኩ ንጹሕ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አቤቱታሽን ሳነብ ነው የገባኝ፤ መዝገብ ውስጥ የተደበቀ ተቃውሞ ላንቺ ምንሽም አይደለም።»

«የአክስትህ ድርድርስ? ያንተ ሐሳብ ነበር?»

«የኔ? እኔማ እሺ እንዳትይ ስጸልይ ነበር! ኮሪደሩ ላይ ምን መለስሽ ያልኩሽ ለዚያ ነው። እሺ ብለሽ ብታገቢኝ ኖሮ፣ ያንን ወንበር ባየሁ ቁጥር አንቺ ምን እንደከፈልሽብኝ አስባለሁ። እንዴት ቀና ብዬ አይሻለሁ?»

አየችው። ስታኮርፍበት የከረመችው ነገር ሁሉ ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት። አንድ የቀረ ነገር ግን ነበር፤ እሱን ካልጠየቀች እንቅልፍ አይወስዳትም።

«ዛሬ ሰንጠረዡን ያወጣኸው ስለኔ ብለህ ነው? እውነቱን ንገረኝ። በፍቅር ያገኘሁት ወንበር ከሆነ አልቀመጥበትም።»

«ያቺ የልዩነት ሐሳብ ላይ ያለውን ቀን አላየሽም?» አለ። «ገጽሽ እኔ ጋ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ እንደምትወጂኝ አላውቅም፤ ደብዳቤው ሲደርስሽ ደግሞ ለዘለዓለም እንደምትጠዪኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ወንበሩ ያንቺ ነው ያልኩት የለፋሽለት ስለሆነ ነው። ጋሽ ይደርሳል ሴት ሆነው አንደኛ ቢወጡ ኖሮ ለእሳቸውም እጽፍላቸው ነበር።»

ጋሽ ይደርሳልን ሴት ሆነው አሰበቻቸውና ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ እንባዋም አብሮ መጣ፤ ሁለቱን መለየት አቅቷት ደረጃውን እንዲሁ እየሳቀችና እያለቀሰች ወረደች። እሱ እንደ ልማዱ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተላት።

ከግቢው በር ውጪ እናቷ ነጠላ ጫማ ያደረጉ እግሮቿን እየቀያየረች ቆማ ትጠብቃለች። ልጇን ስታይ ሮጣ እጇን ያዘች።

«ምን ሆነ? ንገሪኝ፣ ልቤን አታቁሚው።»

«ፈረዱልኝ እማ። ከነገ ጀምሮ ኃላፊ ነኝ።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ!» እናቷ አገላብጣ ሳመቻት፤ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አየቻት። «ታዲያ ይሄ ሁሉ እንባ ምንድን ነው? ደግሞ ይሄ ከኋላሽ የቆመው ረጅም ማን ነው? ያ የነገርሽኝ፣ ደብዳቤውን የፈረመው አይደለም እንዴ?»

ሎጋው ሰላምታ ሊሰጥ ጎንበስ ብሎ እዚያው ቀረ። መንገዱ ሰው ሞልቶታል፣ አውቶቡስ ጥሩንባውን ይነፋል። ዓመቱን ሙሉ ፍቅራቸውን አንዱ ለሌላው በድምፅ ተናግሮት አያውቅም፤ ሁሉም በቅጽ ነበር፣ ሁሉም በመስመር። ካቻቢቴ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችና የእሱን እጅ ያዘች።

«እሱ ነው እማ» አለች፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «የምወደው ሰው ነው።»

በእጇ ውስጥ ያለው ትልቅ እጅ አጥብቆ ያዛት።